አካል ጉዳተኛው ተማሪ አካለ መጠን የሚያደርሰው መቼ ነው?

በየዓመቱ የምረቃ ወራት ሲቃረብ፣ በአርባ ምንጭ ከተማም ሆነ በደጋው የጋሞ ወረዳዎች፣ አካል ጉዳተኛ ልጅ ያስተማረ ወላጅ የሚያነሣው፣ መምህሩ የሚደግመው፣ ባለ ሥልጣኑም በስብሰባ መዝጊያ ላይ ሳይጠቅሰው የማያልፈው አንድ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም «ይህን ያህል ዘመን የተማረው ልጅ አሁን ምን ሥራ ይሰጠው?» የሚለው ነው። ጥያቄው ከርኅራኄ የመነጨ ስለ ሆነ ማንም አይነቅፈውም፤ እኔ ግን ከርኅራኄው ጋር ጠብ ሳይኖረኝ፣ ጥያቄው ጊዜው ካለፈ በኋላ የሚነሣ፣ የሚቀርበውም ለተሳሳተ ሰው ነው ብዬ አምናለሁ። ዐይነ ስውር፣ ወይም መስማት የተሳነው፣ ወይም የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ያለበት ልጅ ከትምህርት ቤት ወደ አዋቂነት ኑሮ የሚሻገረው የ12ኛ ክፍል ፈተና ባለቀ ማግሥት አይደለም፤ መሻገሪያው የሚሠራው ወይም የሚፈርሰው ከዚያ አምስት ስድስት ዓመት አስቀድሞ፣ ልጁ ገና 7ኛ ክፍል ሳለ፣ ቤተ ሰቡ ገንዘብ አስይዞ ገበያ መላክ ሲጀምር ወይም ሳይጀምር ሲቀር ነው። ከዚህም የከበደ ነገር ልጨምር፦ ለአካል ጉዳተኛው መዳኛ ነው ብለን የምናመሰግነው ትምህርት ቤት፣ ዛሬ በተሰናዳበት አኳኋን፣ የጋሞ ልጅ ሰው የሚሆንበትን የቤት ውስጥ ትምህርት ከዚህ ልጅ ወስዶ በምትኩ የሰጠው ነገር ቢኖር የፈተና ዝግጅት ብቻ ነው።

በዮሐንስ ወንጌል ዘጠነኛው ምዕራፍ ዕውር ሆኖ ስለ ተወለደው ሰው የተጻፈውን ታሪክ የማያውቅ ክርስቲያን አይገኝም፤ ይሁን እንጂ መምህራኑ ስለ ምራቁና ስለ ጭቃው፣ ስለ ሰሊሆም መጠመቂያም አምልተው አስፍተው ሲተረጕሙ፣ በመካከል የተቀመጠችውን አንዲት ነገር ብዙ ሰው አያስተውላትም። ፈሪሳውያን ወላጆቹን አስጠርተው ልጃችሁ እንደ ምን አየ ብለው በመረመሯቸው ጊዜ፣ አባትና እናቱ ልጁ ዕድሜው የደረሰ ሰው መሆኑን፣ ስለ ራሱም ራሱ ሊመልስ እንደሚችል ገልጸው ምርመራውን ወደ እርሱ መለሱት። ወንጌላዊው እንደሚነግረን፣ ይህን ያሉት ከምኵራብ እንዳይባረሩ ፈርተው ነው እንጂ የልጃቸውን መዓርግ አክብረው አይደለም፤ ነገር ግን በፍርሃት የተናገሩት ነገር እውነት ሆኖ ተገኘ፤ ያ ትናንት በመንገድ ዳር ተቀምጦ ይለምን የነበረ ሰው በሸንጎው ፊት ቆሞ ከመርማሪዎቹ በሰላ አንደበት ተከራክሯልና። የእኛ አገር ወላጅ የሚያደርገው ግን ከዚህ የተለየ ነው። ሐኪሙም፣ መምህሩም፣ የቀበሌው ጸሓፊም ጥያቄያቸውን ለእናቲቱ ያቀርባሉ፤ እርስዋም ትመልሳለች፤ ልጁ ግን 20 ዓመት ሞልቶት አጠገቧ ቆሞ ይሰማል።

በሸማ ዕቃ አጠገብ የሚያድግ ልጅ

የጋሞ ደጋ፣ ይልቁንም በጨንቻና በዶርዜ በኩል ያለው አገር፣ በሽመና ጥበቡ የታወቀ ነው። ሸማኔው በጉድጓዱ አፋፍ ተቀምጦ፣ እግሮቹን ወደ ታች ሰድዶ መርገጫውን እየረገጠ፣ መወርወሪያውን ከግራ ወደ ቀኝ ሲወረውር የሚያይ እንግዳ ይህ የአንድ ሰው ሥራ ይመስለዋል፤ በእውነቱ ግን ጥጡ ተፈልቅቆ ጥለቱ እስኪያልቅ ድረስ የመላው ቤተ ሰብ ሥራ ነው። ሴቶቹ ይፈትላሉ፤ ትንንሾቹ ልጆች ማጉን በቀሰም ላይ ያጠነጥናሉ፤ ከፍ ያለው ልጅ ድሩ ሲደራ አባቱን ይረዳል፤ አባቱ ለቡና በተነሣ ጊዜም በጉድጓዱ ተቀምጦ እጁን ይሞክራል። በዚህ ሁሉ መካከል አንድም ሰው ለአዋቂነት እናዘጋጅህ ብሎት አያውቅም፤ ሆኖም የፈትልን ዋጋ ዐውቋል፣ ከነጋዴ ጋር ተከራክሯል፣ ሥራ አበላሽቶ ተቆጥተውታል፣ አስተካክሎም ተመርቋል። እንዲህ እያለ ዕድሜው ከ15 ዓመት ከፍ ሲል ሸማውን ተሸክሞ ወደ ገበያ ይወጣል፣ ወይም ዘመዶቹን ተከትሎ አዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ ይገባል። በቆላው፣ በምዕራብ ዓባያና በአርባ ምንጭ ዙሪያ በሙዝና በማንጎ እርሻ መካከል የሚያድገው ልጅም፣ የሚይዘው መሣሪያ ይለያይ እንጂ፣ የሚሄድበት መንገድ ይኸው ነው።

አካል ጉዳተኛው ልጅ ከዚህ ሥርዓት የሚወጣበት በር ሁለት ነው። አንደኛው በር በጓዳ መቅረት ነው፤ ስለዚህኛው ብዙ ተጽፏል፣ ብዙም ተወግዟልና አልመለስበትም። ሁለተኛው በር ትምህርት ቤት መግባት ሲሆን፣ ይህኛው በምስጋና የሚከፈት በመሆኑ ማንም አይመረምረውም። «ለአንተ የሚሆነው ትምህርት ነው፤ ይህን እኛ እንሠራዋለን» ተብሎ ቀሰሙ ከእጁ ይወሰዳል። ፈትሉን የሚያጠነጥነው ጣት እንጂ ዐይን አይደለም፤ ጥለት ለመቁጠር ጆሮ አያስፈልግም፤ እግሮቹ የማይታዘዙለት ልጅ መርገጫውን መርገጥ ባይችል ድር ከማድራት የሚከለክለው የለም፤ የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ያለባት ልጅ አንዱን ሥራ ደጋግማ በለመደችው ጊዜ ከወንድሞቿ ይልቅ ታግሣ ትሠራዋለች። ይህን የሸማኔ ቤት ሁሉ የሚያውቀው ነው። ነገር ግን የቤተ ሰቡ ፍቅር ራሱ ልጁን ከሥራ ነፃ ሲያደርገው፣ ከተግሣጽና ከምርቃትም አብሮ ነፃ ያደርገዋል።

ትምህርት ቤቱ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ሩቅ ነው። ለዐይነ ስውራን የተቋቋሙት አዳሪ ትምህርት ቤቶች በአገሪቱ ጥቂቶች ሲሆኑ፣ ስማቸው የገነነው ሰበታ፣ ሻሸመኔና ባኮ ያሉት ናቸው፤ ለጋሞ የሚቀርበው በወላይታ ሶዶ ያለው ነው። መስማት ለተሳናቸው ደግሞ የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን በሆሳዕና የምታስተዳድረው ትምህርት ቤት ከቀዳሚዎቹ አንዱ ነው። የእነዚህን ቤቶች ውለታ የሚያሳንስ ሰው ታሪክ አያውቅም፤ እነርሱ ባይኖሩ ዛሬ በየፍርድ ቤቱ፣ በየትምህርት ጽሕፈት ቤቱና በየዩኒቨርሲቲው የምናያቸው ዐይነ ስውራን ምሁራን ከወዴት በመጡ ነበር? ይሁን እንጂ ከቦንኬ ወይም ከዲታ ወረዳ ተነሥታ አዳሪ ትምህርት ቤት የምትገባ መስማት የተሳናትን ልጅ ለምሳሌ እናስብ። በዚያ የኢትዮጵያን የምልክት ቋንቋ ታገኛለች፤ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜም አሳብዋን ሳታሳጥር ትናገራለች። ክረምት መጥቶ ወደ ቤቷ ስትመለስ ግን በጋሞኛ የሚነጋገሩት እናቷና ወንድሞቿ ያን ቋንቋ አንድ ፊደል አያውቁትም፤ የቀራት በሕፃንነቷ በቤት ውስጥ የተፈጠሩት የብላና የጠጣ፣ የሂድና የና ምልክቶች ናቸው። ትምህርቷን ፈጽማ ለዘለቄታው ስትመጣም ስለ መሬት፣ ስለ ጋብቻ፣ ስለ ለቅሶና ስለ ዕድር የሚነገረው ሁሉ በፊቷ ተነግሮ ያልፋታል። የምስክር ወረቀት አላት፤ ከእርስዋ ጋር የሚነጋገር ጎረቤት ግን የላትም።

በጋሞ ምድር ደግሞ የአዋቂነት ሚዛኑ ደመወዝ ሆኖ አያውቅም። በመስከረም 2011 ዓ.ም. በቡራዩ የደረሰውን ግድያ ሰምተው የአርባ ምንጭ ወጣቶች ለበቀል በተነሡ ጊዜ፣ የጋሞ ሽማግሌዎች ለምለም ሣር ይዘው በፊታቸው ተንበርክከው ቍጣውን እንዳበረዱት አገር ሁሉ ያስታውሳል። ያን ሥልጣን የሰጣቸው ሹመት አልነበረም፤ በዱቡሻ፣ ማለት በሕዝቡ የሸንጎ አደባባይ፣ ሲቀመጡና ሲናገሩ፣ ሲሰሙና ሲሰሙላቸው የኖሩ በመሆናቸው ነው እንጂ። እንግዲህ ከዩኒቨርሲቲ ተመርቆ በወረዳ ጽሕፈት ቤት የተቀጠረ ዐይነ ስውር ወጣት፣ የአባቱ ርስት ነገር በዱቡሻ በተነሣ ጊዜ ታናሽ ወንድሙ ስለ እርሱ የሚናገርለት ከሆነ፣ ደመወዙ ምንም ያህል ቢሆን በአገሩ ዐይን ገና ልጅ ነው። ለዚህ ነው የሥራውን ጥያቄ ከጥያቄዎች ሁሉ ፊት ማቆም ስሕተት ነው የምለው።

ሕጉና መስኮቱ

የሕግ እጥረት አለብን የሚል ሰው ቢኖር መዝገቡን አልገለጠም። በ1960ዎቹ መጀመሪያ የወጣውና የአካል ጉዳተኞችን ማቋቋሚያ ድርጅት ያቆመው የንጉሠ ነገሥቱ ትእዛዝ ቁጥር 70፣ አካል ጉዳተኛ ማለት ኑሮውን ራሱ ማግኘት የማይችልና የሚረዳው የሌለው ሰው ነው ብሎ ይተረጕም ነበር፤ ይህም ማለት ሠርቶ የሚያድር አካል ጉዳተኛ በሕጉ ዐይን አልነበረም ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ተራምደናል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በ41ኛው አንቀጽ መንግሥት ዐቅሙ በፈቀደ መጠን አካል ጉዳተኞችን የሚያቋቁምበትንና የሚረዳበትን ሀብት እንዲመድብ ያዝዛል፤ በ2000 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 568 በሥራ ቅጥር ላይ የሚደረግባቸውን አድልዎ ከልክሎ፣ አሠሪው የሥራውን ቦታና መሣሪያ እንዲያመቻች ግዴታ ጥሎበታል፤ በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኛ መግቢያና መንቀሳቀሻ እንዲኖራቸው ያዝዛል፤ በ2002 ዓ.ም. ደግሞ የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነት በአዋጅ ቁጥር 676 ጸድቋል። አንድ ተማሪ በ12 ዓመት የትምህርት ዘመኑ ስለ ሴባስቶፖል መድፍ ደጋግሞ ሲማር፣ ስለ እነዚህ አዋጆች አንድ ቀን እንኳ ሳይሰማ የሚመረቅ መሆኑ ግን ያስገርማል። መብቱን ከትምህርት ቤት ያልሰማ ልጅ ከአሠሪው ሊሰማው ነውን?

ጕድለቱ ያለው እነዚህ ሕጎች ሁሉ የሚጀምሩት ሰውየው የሥራ ማመልከቻ ይዞ ከደጅ ከቆመ በኋላ በመሆኑ ነው። ከትምህርት ቤቱ በር እስከዚያ ደጅ ያለውን መንገድ የሚጠብቅ ማንም የለም። በአሜሪካ የልዩ ፍላጎት ትምህርት ሕግ ልጁ 16 ዓመት ሲሞላው ከትምህርት በኋላ ስለሚኖረው ሥራ፣ ሥልጠናና ኑሮ የሚናገር ዕቅድ በእጁ እንዲገኝ ትምህርት ቤቱን ያስገድዳል፤ ዕቅዱ በሚዘጋጅበት ስብሰባም ተማሪው ራሱ ይጠራል። የእነርሱን ሀብት ልንመኝ አንችልም፤ ተማሪውን ወደ ስብሰባ መጥራት ግን ሀብት አይጠይቅም።

ስለ ዕድሜ የሚናገረው ሕጋችንም የጠራ ነው፤ ሰው 18 ዓመት ሲሞላው አካለ መጠን ያደርሳል፤ ዐይኑ ማየቱ ወይም ጆሮው መስማቱ በዚህ አይጠየቅም። ወደ ውል ሲደርስ ግን የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በ1728ኛው አንቀጽ የዐይነ ስውርና ማንበብ የማይችል ሰው ፊርማ ወይም የጣት አሻራ በውል አዋዋይ፣ በመዝጋቢ ወይም በዳኛ ፊት ካልተረጋገጠ አያስገድደውም ይላል። የሕግ አውጪው አሳብ ደካማውን ከአታላይ መጠበቅ እንደ ነበረ አይጠረጠርም፤ ያ ጥበቃ በባንክ መስኮት ላይ ሲደርስ ግን «ዘመድህን ይዘህ ና» ወደሚል ቃል ይለወጣል፤ በብሬል ተምሮ ዲግሪውን የያዘው ሰው ከማያነብ ሰው ጋር በአንድ ሚዛን ይመዘናል። ዐይነ ስውራን ምሩቃን ስለዚህ ነገር ዘወትር ያማርራሉ። አንቀጹ ሊሻሻል ይገባል፤ እስኪሻሻል ድረስ ግን ተማሪው ገና በትምህርት ቤት ሳለ የውል ማስረጃ ጽሕፈት ቤት ወዴት እንደ ሆነ፣ በዚያ ምን እንደሚጠየቅ፣ ፊርማውን እንደ ምን እንደሚያጸና በእግሩ ሄዶ ቢያውቀው፣ መስኮቱ አጠገብ ሲደርስ እንግዳ አይሆንም ነበር።

ስለ ቍጥርም ጥቂት ልበል፤ በቍጥር ያልታየ ሰው ዕቅድ አይወጣለትምና። የ1999ኙ የሕዝብ ቈጠራ በመላው ኢትዮጵያ ያገኘው አካል ጉዳተኛ 864 ሺሕ ገደማ፣ ማለት ከሕዝቡ ከመቶ አንድ ያህል ብቻ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም ባንክ በ2003 ዓ.ም. ባወጡት ጥናት ግን ለአገራችን የተሰጠው ግምት ከመቶ 17.6 ነበር። ልዩነቱ ከስሌት ስሕተት ብቻ አይመጣም። ቈጣሪው «በዚህ ቤት አካል ጉዳተኛ አለን?» ብሎ ሲጠይቅ የሚመለስለት ፍጹም የማያየው ወይም ፍጹም የማይሰማው ብቻ ነው፤ ሰሌዳው የሚደበዝዝበት፣ የመምህሩ ድምፅ በከፊል የሚደርሰው፣ ፊደል የሚዘባረቅበት ልጅ በመጨረሻው ወንበር ተቀምጦ ሰነፍ ተብሎ ይኖራል፣ 5ኛ ወይም 6ኛ ክፍል ሲደርስም ትምህርቱን ይተዋል። ይህኛው ወደ አዋቂነት የሚሻገረው ያለ ዕቅድ ብቻ ሳይሆን ያለ ስምም ነው።

ተቃዋሚዎቹ የሚሉት

ለአዋቂነት ኑሮ የሚደረገው ዝግጅት ከ7ኛ ክፍል ይጀመር ለሚለው አሳብ የሚቀርበው የመጀመሪያ ተቃውሞ የሹማምንቱ ነው፤ «ለጤነኛው ያልተገኘ ሥራ ለአካል ጉዳተኛው ከየት ይምጣ?» ይላሉ። መልሱ ከጥያቄያቸው ውስጥ ይወጣል። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት በተነገረ ጊዜ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ። እንግዲህ ለፈተና ብቻ የሚያዘጋጅ ትምህርት ቤት ከመቶ ዘጠና ሰባት ያህሉን ባዶ እጃቸውን ይሰድዳል፤ ልዩነቱ ግን ጤነኛው ልጅ ሲወድቅ ሸማው፣ እርሻው፣ የባጃጁ መሪ ይቀበለዋል፤ አካል ጉዳተኛው ሲወድቅ የሚቀበለው ነገር እንዳይኖር አስቀድመን እኛው ራሳችን አድርገናል። ሥራ የጠፋበት አገር መሆናችን ዝግጅቱን ቀድሞ ለመጀመር ምክንያት ይሆናል እንጂ ለመተው ምክንያት ሊሆን አይችልም።

ሁለተኛውና ብርቱው ተቃውሞ የሚመጣው ከአካል ጉዳተኞች መብት ተከራካሪዎች ነው። እነርሱ የሚሉት እንዲህ ነው፦ «ልጁን ከ7ኛ ክፍል ጀምሮ ስለ ግብረ እድ ማስተማር ማለት ዳግመኛ ለይቶ ማስቀመጥ ነው፤ አካል ጉዳተኛ ለመጥረጊያና ለብሩሽ ሥራ ብቻ የተፈጠረ ይመስል የነበረበትን ዘመን ልትመልሱብን ነውን?» ይህን የሚናገሩት ሰዎች ታሪክ የሚያግዛቸው ናቸው። በአገራችን አካል ጉዳተኛን ማቋቋም ማለት ለብዙ ዘመን መጥረጊያ ማሠራት፣ ጃንጥላ ማሰፋት ማለት ነበር። ግብረ እድም ራሱ የተናቀ ነበር፤ አጤ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሸማኔውንና ብረት ሠሪውን የሚሰድብ ሰው እንዲቀጣ አዋጅ እስኪያስነግሩ ድረስ ባለ እጅ በአገሩ አንገቱን ደፍቶ ይኖር እንደ ነበረ የሚዘነጋ የለም፤ ከአዋጁም በኋላ ንቀቱ ቶሎ አልለቀቀም። በዚህ ላይ፣ ሻሸመኔ ከሚገኘው የዐይነ ስውራን ትምህርት ቤት ወጥታ፣ ሕግ አጥንታ፣ በ2010 ዓ.ም. መጀመሪያ አማራጭ ኖቤል እየተባለ የሚጠራውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት የተቀበለችው የትነበርሽ ንጉሤ በ7ኛ ክፍል ዘንቢል ስፌት ተመድባ ቢሆን ኖሮ አገር ምን ታጣ እንደ ነበረ ማሰብ ይበቃል።

ተቃውሞውን በአመዛኙ እቀበለዋለሁ፤ ስለዚህም የእኔ አሳብ ሸማን ከዩኒቨርሲቲ ጋር ማወዳደር እንዳልሆነ አስረግጬ ልናገር። በሸማ ቤት የሚያድገውንም ልጅ ኑሮ አሳምሬ ልሥለው አልሻም፤ ትንንሽ የጋሞ ልጆች ከወላጆቻቸው ተለይተው ሽሮ ሜዳ ገብተው ቀንና ሌሊት ሲሸምኑ የደረሰባቸው በደል የታወቀ ነው። የምለው ይህ ነው፦ ዩኒቨርሲቲ የሚገባውም ዐይነ ስውር ልጅ ቢሆን ገንዘቡን ራሱ ቈጥሮ፣ ልብሱን አጥቦ፣ ምግቡን አብስሎ፣ በማያውቀው ከተማ መንገዱን ጠይቆ መኖር ይገባዋል፤ እነዚህን ነገሮች በ19 ዓመቱ በዶርም ውስጥ ከእኩዮቹ በኀፍረት ከሚማራቸው፣ በ13 ዓመቱ ከእናቱ ዘንድ ቢማራቸው ይሻላል። የትነበርሽም ቢሆን ለተከራካሪዎቹ ብቻ ምስክር አትሆንም። የላቁትን እየጠቀስን ሌሎቹን በእነርሱ ስንለካ፣ ልህቀት ያልተሰጠው አካል ጉዳተኛ እንደማንኛውም ተራ ሰው በክብር የሚኖርበት ቦታ እንዳይኖረው እናደርጋለን። ጤነኛው ሰው ሰው ለመባል ሽልማት አልተጠየቀም።

የጥንቱ የአብነት ትምህርት ቤት በዚህ ነገር ከዘመናዊው ይልቅ የተሻለ ነገር ያውቅ ነበር ብል የሚቈጡ ይኖራሉ፤ ቢሆንም እላለሁ። ዐይነ ስውሩ ተማሪ ዜማውን፣ ቅኔውንና ትርጓሜውን በቃሉ አጥንቶ፣ መምህር ሆኖ ወንበር ዘርግቶ፣ ማየት የሚችሉት ደቀ መዛሙርት ከእግሩ ሥር ተቀምጠው ሲማሩ ማየት በአገራችን እንግዳ ነገር አልነበረም። በአራተኛው ምእት ዓመት የእስክንድርያን ትምህርት ቤት የመራው ሊቁ ዲዲሞስም ዐይነ ስውር ነበረ። ይህ የሆነው መምህራኑ ከእኛ ይልቅ ርኅሩኃን ስለ ነበሩ አይመስለኝም፤ ትምህርቱና የኑሮው ስፍራ በአንድ አጥር ውስጥ ስለ ነበሩ ነው እንጂ። ተማሪው ገና እየተማረ ማኅሌት ይቆም ነበር፤ ሲፈጽም ወዴት እንደሚሄድ፣ ምን እንደሚያገለግል እርሱም ያውቃል፣ ደብሩም ያውቃል። ጉድለቱም ግልጽ ነው፤ በቃል የሚሰጥ ትምህርት በመሆኑ መስማት ለተሳነው በሩ ዝግ ነበር፣ ለሴቶችም እምብዛም አልተከፈተም።

ሦስተኛው የወላጆች ፍርሃት ነው፤ እርሱን ተቃውሞ ብዬ ለመጥራት አልደፍርም። ሴት ልጇን ብቻዋን ወደ ገበያ ለመላክ የምትፈራ እናት አላዋቂ አይደለችም፤ የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ያለባት ልጅ ምን ሊደርስባት እንደሚችል ከማንኛችንም ይልቅ ታውቃለች። እንዲህ ያለው ወላጅ ከሁሉ ይልቅ የሚያስጨንቀው ነገር «እኔ ስሞትስ?» የሚለው ነው። ነፍሷን ይማርና ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ኦቲዝም ላለባቸው ልጆች በአዲስ አበባ የጆይ ማዕከልን ስታቋቁም የተነሣችው የራሷ ልጅ ተቀባይ ትምህርት ቤት ባጣ ጊዜ ነው፤ ሕፃናቱ ካደጉ በኋላ ግን ጥያቄው ከትምህርት ወደ ኑሮ መዛወሩ አልቀረም። እንዲህ ያለው ማዕከል ከአርባ ምንጭ ለሚነሣ ወላጅ አምስት መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ስለዚህ የእናቲቱን ፍርሃት በምክር ልናስወግደው አንችልም፤ ከእርስዋ ሌላ ልጅቱን በስሟ የሚያውቁ፣ ስትታጣ የሚጠይቁ ሰዎች በሰፈር እንዲበዙ በማድረግ ግን ልናቀልለው እንችላለን። ልጅቱ ተደብቃ ባደገች መጠን የሚያውቃት ሰው ያንሳል፣ አደጋውም ይጨምራል።

ከ7ኛ ክፍል ጀምሮ

አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት የሙያ ትምህርትን ከ7ኛ ክፍል ጀምሮ ለሁሉም ተማሪ አግብቷል፤ ይህ ለጉዳያችን መልካም አጋጣሚ ነው፤ አካል ጉዳተኛውን ለይቶ ወደ ግብረ እድ መላክ ሳያስፈልግ ከእኩዮቹ ጋር በአንድ ክፍል ሊጀምር ይችላልና። በሰኔ የተማሪው ውጤት ለወላጅ በሚሰጥበት ቀን፣ መምህሩ፣ ወላጁና ልጁ ራሱ ተቀምጠው አንድ ገጽ ይጻፉ፤ ዛሬ ሌላ ሰው የሚሠራለት ነገር ምንድን ነው? ከእነዚህ መካከል እስከ መጪው ሰኔ ራሱ የሚይዘው የትኛውን ነው? የሚያስለምደው ማን ነው? በዚያ ገጽ ላይ የልጁ ፊርማ ወይም አሻራ ይኑርበት፤ ፊርማ የሚለመደውም በዚህ ነው።

ከዚህ የሚቀጥለው በከተማው ያሉትን ተቋማት ማገናኘት ነው፤ አርባ ምንጭ በዚህ ድኻ አይደለችም። ዩኒቨርሲቲ አላት፣ የመምህራን ትምህርት ኮሌጅ አላት፣ ፖሊቴክኒክ ኮሌጅ አላት፣ ሰው ሠራሽ እግርና መደገፊያ የሚሠራበት የአካል ተሐድሶ ማዕከልም አላት። እነዚህ ቤቶች አንድን ልጅ በየተራ ያዩታል እንጂ ስለ እርሱ አንድም ቀን ተገናኝተው ሲመክሩ አይታይም። ለልጅ የተሠራ ሰው ሠራሽ እግር ልጁ ሲያድግ ያጥረዋል፤ መቼ እንደሚለወጥ የሚያስታውሰው ትምህርት ቤቱ ቢሆን ልጁ ከትምህርቱ ባልተስተጓጐለ ነበር። የሸማኔን መርገጫ በእጅ ወደሚሠራ የመለወጥ ጥበብም ከፖሊቴክኒኩ ወርክሾፕ ዐቅም በላይ አይመስለኝም። የመምህራን ኮሌጁ ዕጩዎች በክረምት ወደ ደጋው ወጥተው፣ መስማት የተሳነው ልጅ ባለበት ቤት ለእናትና ለወንድሞች የምልክት ቋንቋ ቢያስተምሩ፣ ልጅቱ ከአዳሪ ትምህርት ቤት ስትመለስ ሰው ታገኝ ነበር። በከተማው ሁለት ሰፈሮች፣ በሲቀላና በሴቻ መካከል ያለውን ዳገት ግን ማንም ኮሌጅ አያስተካክለውም፤ በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄደውን ወጣት ከታች ሰፈር ወደ ላይኛው የሚያወጣው ባጃጅ ነውና፣ የትራንስፖርቱ ወጪ በሥልጠናው ሂሳብ ውስጥ ካልገባ ሥልጠናው በወረቀት ይቀራል።

ዕድሩም የድርሻውን ይውሰድ። በጋሞም ሆነ በሌላው አገር ያለው ልማድ አካል ጉዳተኛውን በአባቱ ስም ሥር እየጻፈ እስከ እርጅናው ያቆየዋል፤ 18 ዓመት ሲሞላው ግን በራሱ ስም ይመዝገብ፣ መዋጮውን ራሱ ይክፈል፣ ተራው ሲደርስ ድንኳን ይትከል ወይም የሚችለውን ይሥራ፣ ካልመጣም እንደ ማንም ይቀጣ። ወጣቶች ተደራጅተው በጋራ ዋስትና በሚበደሩበት አሠራር ጓደኞቹ አካል ጉዳተኛውን ከቡድናቸው የሚያስወጡት ከክፋት ብቻ አይመስለኝም፤ ሠርቶ ሲከፍል አይተውት ስለማያውቁ ዕዳው በእኛ ላይ ይወድቃል ብለው ስለሚፈሩ ነው። በዕድር ለሦስት ዓመት ሳያጓድል የከፈለ ሰው ግን የከፋይነቱ ምስክር በመዝገብ አለለት። ለዱቡሻውም ቢሆን የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ይቀመጥ ብሎ መወሰን የሽማግሌዎቹ እንጂ የሚኒስቴር ጉዳይ አይደለም፤ ጠብን በሣር የሚያበርዱ ሽማግሌዎች ይህን ለመወሰን የሚያንሱ አይመስለኝም።

ገንዘብ የለም የሚለው መልስ እንደሚመጣ ዐውቃለሁ፤ ለተሽከርካሪ ወንበሩና ለብሬል ወረቀቱ እውነት ነው፤ ለዚያች አንዲት ገጽ ግን አይሆንም። የሚቀረው ክርክር ገጿን ማን ይያዛት የሚለው ነው። የዞኑ ትምህርት መምሪያ ለልዩ ፍላጎት መምህሩ ሊሰጣት ይወድ ይሆናል፤ ነገር ግን የልዩ ፍላጎት መምህር በየትምህርት ቤቱ አይገኝም፣ በተገኘበትም ለብዙ ክፍሎች አንድ እርሱ ብቻ ነው፣ ሲዛወርም ገጿ ከመሳቢያው ትቀራለች። ስለዚህ የምትያዘው በስም ጠሪው መምህር ዘንድ ይሁን፤ ልጁ ሲያልፍም ከውጤቱ ካርድ ጋር ወደሚቀጥለው ስም ጠሪ ትለፍ፤ ግልባጯ በልጁ እጅ ይሁን፣ ለዐይነ ስውሩም በብሬል ትጻፍለት።